ስሙ ያልታወቀ ፈሳሽ፤ በትምህርት ግቢ ለሚፈስ አደገኛ ኬሚካል ከወሎ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

አደገኛ ኬሚካል ፈሰሰ ሲባል የብዙ ሰው አሳብ ወደ ትልልቅ ፋብሪካዎች ይሄዳል። በኅዳር 1977 ዓ.ም. በህንድ አገር በቦፓል ከተማ ከአንድ የፀረ ተባይ ፋብሪካ 40 ቶን የሚያህል ሜቲል አይሶስያኔት የተባለ መርዝ አምልጦ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን እንደ ፈጀ ይታወሳል። ከፋብሪካ ርቆ በሚገኝ አገር የሚያስተምር መምህር ግን ይህን ዜና ሰምቶ «እኛን አይመለከተንም» ቢል አይፈረድበትም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጉዳዩ እንደሚመለከተን፣ ያውም ከብዙዎች ቀድሞ የተመለከተን መሆኑን ከታሪክ አስረድቶ፣ ከዚያ ታሪክ ለትምህርት ቤቶችና ለዩኒቨርሲቲ ግቢዎች የሚጠቅመውን የሥራ ደንብ ማውጣት ነው።

ጽሑፉ በተለይ የሚመለከተው የደቡብ ወሎን ምዕራባዊ ደጋ ነው። የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ መካነ ሰላም ከደሴ በስተ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ የለጋምቦን ብርዳም ደጋ አቋርጦ በአቀስታ በኩል ያልፋል። በስተ ደቡብና በስተ ምዕራብ የዓባይ ሸለቆ፣ በስተ ሰሜን የበሽሎ ሸለቆ አገሩን ይከቡታል። ከዚህ ደጋ የሚፈልቀው ውኃ ሁሉ መውረጃው ዓባይ ነው። በዚህ አገር በቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ ጠርሙስ ቢሰበር በፍጥነት የሚደርስ የእሳት አደጋ መኪና ወይም በኬሚካል ጉዳይ የሠለጠነ ቡድን ይኖራል ብሎ ማቀድ አይቻልም። የመጀመሪያው ሰዓት ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ የሚወድቀው በመምህሩ፣ በቤተ ሙከራው ሠራተኛና በጥበቃው ላይ ነው። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች ምን ያውቃሉ፣ በእጃቸውስ ምን አለ የሚለው ጥያቄ የሕይወትና የሞት ጥያቄ ይሆናል።

1. ከሰማይ የወረደው ፈሳሽ፤ 1928 ዓ.ም.

የሰሜን ኢትዮጵያ ሕዝብ ከዘመናዊ ኬሚካል ጋር በብዛት የተዋወቀው በትምህርት ቤት አይደለም፤ በጦር ሜዳ ነው። የኢጣሊያ ፋሽስት ጦር ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ በተከዜ ዳር በነበረው በራስ እምሩ ጦር ላይ የሰናፍጭ ጋዝ፣ በሌላ ስሙ ይፔሪት፣ የተሞሉ ቦምቦችን ከአይሮፕላን ጣለ። ከእነዚህ ቦምቦች አንዱ ዓይነት ብቻውን ከ200 ኪሎ ግራም በላይ መርዝ ይዞ ይወርድ ነበር። ኢጣሊያ በመርዝ ጋዝ መዋጋትን የሚከለክለውን የ1917 ዓ.ም. የጄኔቭ ፕሮቶኮል ፈርማና አጽድቃ ነበር። ያም ሆኖ መርዙ በተምቤን፣ በኋላም ከማይጨው ጦርነት ወዲህ በመጋቢት 1928 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ አሸንጌ ሐይቅ በሚያፈገፍገው ሠራዊት ላይ ወረደ። በዚያው ወር የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል መልእክተኛ ዶክተር ማርሴል ዡኖ በቆረም አካባቢ በመርዙ የተቃጠሉ ሰዎችን በብዛት አይተዋል፤ በስፍራው የነበሩ የእንግሊዝ አምቡላንስ ሐኪሞችም አክመዋቸዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ባሰሙት ንግግር መርዙ በቦምብ ብቻ ሳይሆን በአይሮፕላን በተገጠመ መርጫ እንደ ደቃቅ ዝናብ ይዘንብ እንደ ነበረ፣ ሰውን ብቻ ሳይሆን ውኃውንና ግጦሹን እንደ በከለ ገልጠዋል። የኢጣሊያ መንግሥት ለረጅም ዘመን ሲክድ ኖሮ የመከላከያ ሚኒስቴሩ ድርጊቱን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው።

ለመምህር የሚጠቅመው የዚህ ታሪክ ክፍል የሚከተለው ነው። የሰናፍጭ ጋዝ ስሙ ጋዝ ይባል እንጂ በተራ የአየር ሙቀት ዘይት የሚመስል ፈሳሽ ነው። በቶሎ አይተንም፤ በብርድ አገር በሣርና በአፈር ላይ ለብዙ ቀን ይቆያል። ልብስንና ቆዳን ሰርስሮ ያልፋል። ከሁሉም በላይ፣ ሰውነትን በነካበት ቅጽበት አያምም፤ ሕመሙና ውኃ መቋጠሩ የሚታየው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ነው። በባዶ እግሩ የሚሄደው ወታደር በሣሩ ላይ ያየውን እርጥበት ከጤዛ ሊለይ አልቻለም። የነካው ነገር ስላላመመው አልታጠበም፤ ልብሱንም አላወለቀም፤ ከተበከለውም ወንዝ ጠጣ። ጉዳቱ በታየ ጊዜ መታጠብ የሚጠቅምበት ሰዓት አልፏል። ከዚህ የምንረዳው የጀግንነት ማነስ ወይም የሐኪም ስንፍና እንዳልነበረ ነው። የጎደለው ዕውቀት ነበር፤ ይህም የፈሳሹ ስም፣ የጠባዩና የመከላከያው ዕውቀት ነው። ይህን ዕውቀት ከሠራዊቱ የነፈገው ደግሞ መርዙን የጣለው ወራሪ ነው።

ሌላው ማስረጃ የሚገኘው ከወሎ ደቡባዊ ወሰን ማዶ፣ በሰሜን ሸዋ ነው። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር በዘረት ዋሻ በተጠጉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ተጠቀመ። ኢጣሊያዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ ከሰነድ መዛግብት ያገኘውን የዚህን ድርጊት ዝርዝር በ1998 ዓ.ም. አካባቢ ለዓለም አሳወቀ። በሜዳ ላይ ነፋስ የሚበትነው መርዝ በዋሻ ውስጥ መውጫ የለውም። መስኮቱ የተዘጋ፣ በሩ አንድ የሆነ የኬሚካል መጋዘንም በዚህ ረገድ ከዋሻ አይለይም።

2. በረከትና መዘዝ፤ የዲዲቲ ዘመን

ሁለተኛው ትውውቅ ከመጀመሪያው ፈጽሞ የተለየ፣ በመልካም አሳብ የመጣ ነበር። በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ደጋማና ወይና ደጋማ አገሮች፣ በተለይም ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባለው ከፍታ፣ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደ ገደለ ተገምቷል። ከዚያ አስቀድሞ ዲዲቲ በቤት ግድግዳ ላይ በመርጨት ወባን የመከላከል ሙከራ ከተጀመረባቸው ጥቂት የአገሪቱ ቦታዎች አንዱ በወሎ የቆቦ ጨርጨር ሸለቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቁሞ ርጭቱ ወደ ሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች ተስፋፋ። የወባ ርጭት ሠራተኛ መርጫውን በጀርባው አዝሎ ከቤት ወደ ቤት ሲሄድ የሚያስታውሱ አረጋውያን ዛሬም አሉ። ዲዲቲ የብዙ ሰው ሕይወት ያተረፈ መድኃኒት መሆኑ አይካድም።

ይሁን እንጂ ሕዝቡ የዱቄቱን ስም ሲማር ጠባዩን አልተማረም። ወባን የገደለ ዱቄት ትኋንንና ቁንጫን፣ ነቀዝንም ይገድላል በሚል አሳብ ለግድግዳ የተመደበው ዲዲቲ ለሌላ ጥቅም የዋለበት ጊዜ ነበር። የመርዝ በርሜልና ጣሳ ከተራገፈ በኋላ የውኃ መቅጃ፣ የእህል ማኖሪያ ሆነ። ዲዲቲ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይበሰብስ የሚቆይ፣ በእንስሳና በሰው ስብ ውስጥ የሚጠራቀም ነገር መሆኑ በሰፊው የታወቀው ዘግይቶ ነው። የወባ ትንኝ ከተላመደችው በኋላ በ2002 ዓ.ም. አካባቢ የቤት ርጭቱ በሌሎች መድኃኒቶች ተተካ። እንግዲህ በ1928 ዓ.ም. ስምና ዕውቀት ሁለቱም አልነበሩም፤ በዲዲቲ ዘመን ስም ነበረ፤ ዕውቀቱ ግን በረጪው ዘንድ ቀርቶ ከቤቱ ባለቤት አልደረሰም። ይህ ልዩነት በትምህርት ቤትም ይታያል። ስለ አሲድ የሚያውቀው የኬሚስትሪ መምህሩ ሆኖ ክፍሉን የምታጸዳው ሠራተኛ ካላወቀች፣ ዕውቀቱ በግቢው ውስጥ አለ ማለት አይቻልም።

3. ባለቤት ያጣ መርዝ

ሦስተኛው ምዕራፍ የመጋዘን ታሪክ ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የአንበጣን፣ የተምችንና የሌሎች ተባዮችን መንጋ ለመከላከል በግዢም በእርዳታም ወደ ኢትዮጵያ የገባው ፀረ ተባይ ብዙ ነበር። መንጋው በሌላ አቅጣጫ በሄደ ወይም መድኃኒቱ ከወቅቱ በኋላ በደረሰ ጊዜ የተረፈው በየመጋዘኑ ይቀመጥ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ቆርቆሮው ዛገ፤ ወረቀቱ ተላጠ፤ የመዘገበው ሠራተኛ ተዛወረ ወይም ጡረታ ወጣ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ባደረገው ቆጠራ ይህ የአገልግሎት ጊዜው ያለፈበት መርዝ በመላ አገሪቱ በመቶ በሚቆጠሩ ቦታዎች ተበትኖ ከ1,000 ቶን በላይ ሆኖ ተገኘ። ኢትዮጵያም በአፍሪካ ከፍተኛ ክምችት ካለባቸው አገሮች አንዷ ተባለች።

መርዙ የተወገደበት መንገድ ለትምህርታችን አስፈላጊ ነው። በአገር ውስጥ ሊቃጠል አልቻለም፤ እንዲህ ያለው መርዝ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚነድ ልዩ ምድጃ ካልተቃጠለ ጢሱ ራሱ መርዝ ይሆናልና። ስለዚህ የሠለጠኑ ሠራተኞች ሙሉ የመከላከያ ልብስና ጭምብል አድርገው የሚያፈሰውን በርሜል ወደ ጠንካራ በርሜል እያዘዋወሩ አሸጉት፤ በመርከብም ወደ ፊንላንድ ተልኮ በዚያ ተቃጠለ። ለእያንዳንዱ ቶን የወጣው ገንዘብ በሺህ ዶላር የሚቆጠር ነው። ለመግዛት ቀላል የሆነ ነገር ለማስወገድ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም። የትምህርት ቤት ዕቃ ግዢ ኮሚቴ አምስት ሊትር ሲበቃ ሃያ አምስት ሊትር አሲድ ሲያዝ ይህንኑ ታሪክ በትንሹ እየደገመ ነው።

ከዚህ ልምድ በኋላ አገራችን ሕጓን አጠናክራለች። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995፣ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002፣ እንዲሁም የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 በየተራ ወጥተዋል። ሕጉ ግን በጋዜጣ ከታተመ በኋላ በመጋዘኑ በር ላይ ካልተተረጎመ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

4. ቤተ ሙከራ ወደ ደጋ ሲወጣ

የሳይንስ ትምህርት በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን በጥቂት ከተሞች ተወስኖ ኖሯል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ያለው ግቢ በአገሩ እንደ ብርቅ ይታይ ነበር። ቀጥሎ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየአውራጃው ሲስፋፉ አሲዱ፣ ቤዙ፣ ሜርኩሪው፣ ፎስፎረሱ፣ ሶዲየሙ አብሮ ተስፋፋ። በ2000ዎቹ የወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ፣ ቀጥሎም በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎቹ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመሩ። ይህ ለአካባቢው ትልቅ ዕድገት ነው። በአንድ ትውልድ ዘመን ውስጥ የደጋው ገበሬ ልጅ ከመኖሪያው ሳይርቅ በቤተ ሙከራ ለመሥራት በቅቷል።

ዕድገቱ ያመጣው ኃላፊነት ግን በቤተ ሙከራ ብቻ አይወሰንም። በአንድ ግቢ ውስጥ የፀሐይ ኃይል ባትሪ አሲድ፣ የጄኔሬተር ናፍጣ፣ የውኃ ማከሚያ ክሎሪን፣ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድና በረኪና ይገኛሉ። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲቀላቀል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጦር መሣሪያነት የዋለ ነው። መጸዳጃ ቤቱ ይበልጥ እንዲጸዳ በማሰብ ሁለቱን የምትደባልቅ ሠራተኛ የምትሠራውን ኬሚስትሪ የሚነግራት ሰው ያስፈልጋታል።

የቅርብ ዘመን ታሪክም ሌላ አደጋ ጨምሯል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ በደረሰ ጊዜ የወሎ ዩኒቨርሲቲና በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋልም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ቆይተዋል። ሲዘጋ የነበረ ቤተ ሙከራ ሲከፈት እንደ ተተወ መጋዘን መታየት አለበት። የኤተር ጠርሙስ ከተከፈተ በኋላ ለወራት ሲቆይ በውስጡ የሚፈነዳ ፐሮክሳይድ ይፈጥራል። ፒክሪክ አሲድ ሲደርቅ እንደ ፈንጂ ይሆናል። በክዳኑ ዙሪያ ድርቅ ያለ ፍሬ የታየበት ጠርሙስ ሊከፈት፣ ሊነቀነቅ፣ ከቦታውም ሊነሣ አይገባውም፤ ክፍሉን ቆልፎ የሚያውቅ ባለሙያ መጥራት ብቻ ነው።

ሊቅነት ብቻውን እንደማያድንም የዓለም ታሪክ ይመሰክራል። ካረን ዌተርሃን በአሜሪካ በዳርትማውዝ ኮሌጅ የመርዛማ ብረቶች ኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነበሩ። በነሐሴ 1988 ዓ.ም. ጥቂት ጠብታ ዳይሜቲል ሜርኩሪ ባጠለቁት የጎማ ጓንት ላይ ፈሰሰ። ደንቡ በሚያዘው መሠረት ሠርተው ነበር፤ ነገር ግን ያ ዓይነት ጓንት ይህን ፈሳሽ በሴኮንዶች ውስጥ እንደሚያሳልፍ በጊዜው አልታወቀም። ሕመሙ ከወራት በኋላ ጀምሮ በሰኔ 1989 ዓ.ም. አረፉ። በተከዜ ሣር ላይ የተራመደው ወታደርና በዘመናዊ ቤተ ሙከራ የቆሙት ፕሮፌሰር በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ሁለቱም በተነኩበት ቅጽበት ምንም ሕመም አልተሰማቸውም። ስለሆነም «አላመመኝም» የሚለው ቃል በኬሚካል አደጋ ጊዜ እንደ ማስረጃ ሊቆጠር አይገባውም።

5. ኬሚካል በግቢ ውስጥ ሲፈስ

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክና ዛሬ ከታወቀው ሳይንስ የሚወጣው የሥራ ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ነው።

ሀ/ ማራቅ። በመጀመሪያ ሰው ይወጣል፤ ኬሚካሉ ቀጥሎ ይታሰባል። ተማሪዎች ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫና ወደ ላይኛው ቁልቁለት ይሰባሰባሉ። የአብዛኛው ኬሚካል ትነት ከአየር የከበደ ስለሆነ ወለል ለወለል ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳልና። በዚህ ረገድ የደጋው ከፍታ ራሱ መታሰብ አለበት። በባሕር ወለል 34.6 ዲግሪ የሚፈላው ኤተር በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በመቀነሱ ወደ 26 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ፀሐይ በመታው ክፍል የፈሰሰ ኤተር በደቂቃዎች ውስጥ ክፍሉን ይሞላዋል፤ በሚቀጥለው ክፍል ያለ የከሰል ምድጃም ሊለኩሰው ይችላል።

ለ/ ስሙን ማወቅ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ይነበባል፤ መዝገቡም ይታያል። ስሙ ካልታወቀ እጅግ አደገኛ እንደሆነ ተቆጥሮ ክፍሉ ይዘጋል። ለማወቅ ብሎ ማሽተት ወይም በጣት መንካት ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ሐ/ የተጎዳውን ማጠብ። የተበከለ ልብስና ጫማ ወዲያው ይወልቃል፤ በዚህ ጊዜ ይሉኝታ ቦታ የለውም። ቆዳም ሆነ ዓይን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ይታጠባል። ለዓይን በደቂቃ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ውኃ ያስፈልጋል። ይህም በ15 ደቂቃ 22 ሊትር ተኩል፣ ማለትም አንድ ሙሉ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ይሆናል። የቧንቧ ውኃ በማያስተማምንበት ከተማ በቤተ ሙከራው በር አጠገብ በየሳምንቱ ውኃው የሚለወጥ፣ በጥብቅ የተከደነና ለሌላ ሥራ የማይነካ ጀሪካን ማኖር ከብዙ ውድ መሣሪያ ይልቅ ዓይን ያድናል። ለሰውነት የሚያስፈልገው ውኃ ከዚህ እጅግ ስለሚበዛ በርሜልም መዘጋጀት አለበት። እንደ ያልበረደ ኖራ ያለ ደረቅ ዱቄት ግን አስቀድሞ ተራግፎ ከዚያ በኋላ ይታጠባል። አሲድ የነካውን ቆዳ በቤዝ፣ ቤዝ የነካውን በአሲድ ለማርከስ መሞከር ቁስሉን ያብሳል፤ ውኃ ብቻ ይበቃል። ተጎጂው ወደ ሐኪም ሲሄድ የኬሚካሉ ስም በወረቀት ተጽፎ አብሮት ይሂድ።

መ/ መገደብ። በወለል ላይ የፈሰሰውን በውኃ ጠርጎ ወደ ቦይ መስደድ በብዙ ቦታ የተለመደ ስሕተት ነው። ከቦዩ በታች ምንጭ፣ ከምንጩ በታች መንደር አለ። በአሸዋ ወይም በደረቅ አፈር ዙሪያውን መገደብ ይገባል። በተለይ ብዙ የተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ ላይ ውኃ ቢፈስ ፈልቶ ይረጫል። ሶዲየም ብረትም ውኃ ሲነካው ይነዳል።

ሠ/ በአቅም ልክ ማጽዳት። ስሙ የታወቀ፣ መጠኑ ትንሽ የሆነ፣ የሚመርዝ ትነት የሌለው ነገር ብቻ በመምህሩ ሊጸዳ ይችላል፤ ይኸውም ተስማሚ ጓንትና የዓይን መነጽር አድርጎ፣ ሁለተኛ ሰው በቅርብ ቆሞ እያየ ነው። አሲድን በሶዲየም ባይካርቦኔት ከዳር ወደ መሃል እየነሰነሱ ማርከስ ይቻላል፤ እርሱ ከሌለ ደረቅ የእንጨት አመድም አሲድን የማርከስ ባሕርይ አለው። በናይትሪክ አሲድ ላይ ግን ሰጋቱራ ወይም ጭድ መበተን እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል አይፈቀድም። ከቴርሞሜትር የፈሰሰ ሜርኩሪ በመጥረጊያ ሲጠረግ ተበታትኖ ይበልጥ ይተናል። መስኮት ከፍቶ፣ ጠብታዎቹን በጠንካራ ወረቀት ሰብስቦ፣ ውኃ ባለበት ክዳናም ጠርሙስ ማሸግ ይገባል። ከዚህ አቅም በላይ የሆነ ሁሉ በሩ ተዘግቶ፣ ጠባቂ ቆሞ፣ ባለሙያ እስኪመጣ ይጠበቃል። ጠጋ ብሎ ለመርዳት መሮጥ በባህላችን የተመሰገነ ጠባይ ቢሆንም፣ በዝግ ክፍል ውስጥ በጋዝ የወደቀን ሰው ያለ መከላከያ ለማውጣት የገባ ሁለተኛ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ ተጎጂ ይሆናል።

ረ/ መመዝገብ። ምን፣ ምን ያህል፣ መቼ፣ እንዴት እንደ ፈሰሰና ቆሻሻው የት እንደ ተቀመጠ ይጻፋል። መዝገቡ ሰውን ለመቅጫ የሚያገለግል ከሆነ ማንም እውነቱን አይጽፍበትም። ስለዚህ ርእሰ መምህራን ሪፖርት ያደረገውን ሠራተኛ ማመስገንን ልማድ ሊያደርጉት ይገባል።

6. ለዕቅድ አውጪዎች

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ በመምህሩ ላይ ብቻ ከተጣለ ፍትሐዊ አይሆንም። በዕቅድ ደረጃ ሊታሰቡ የሚገባቸው ነጥቦች አራት ናቸው።

አንደኛ፣ ግዢ በአንድ ዓመት ፍጆታ ይወሰን። ከዚያ በላይ የሚገዛው ሁሉ የወደፊት ቆሻሻ ነው። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ጠርሙስ በአማርኛም የተጻፈ ስም፣ የገባበት ዓመተ ምሕረትና የአደጋው ምልክት ይኑረው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያወጣቸው በቀይ ዳር የተከበቡ ምልክቶች ማንበብ ለማይችል ሠራተኛ ሳይቀር በአንድ ሰዓት ሊገለጡ ይችላሉ። ሦስተኛ፣ ሥልጠናው ከመምህሩ አልፎ ለጽዳት ሠራተኛ፣ ለጥበቃና ለምግብ ቤት ሠራተኛ ይድረስ፤ በየመንፈቀ ዓመቱም የማስወጣት ልምምድ ይደረግ። አራተኛ፣ አንድ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጊዜው ያለፈበትን ኬሚካል በራሱ ማስወገድ አይችልም። በዞን ደረጃ በተወሰነ ጊዜ እየዞረ የሚሰበስብ ሥርዓት፣ ለዚህም ቤተ ሙከራና ባለሙያ ካላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የሚደረግ ስምምነት ያስፈልጋል። ይህ ከሌለ ኬሚካሉ በመጨረሻ የሚያርፈው በግቢው ጓሮ በተቆፈረ ጉድጓድ ነው።

ወጪው ይከብዳል የሚል አሳብ መነሣቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ ከተዘረዘሩት ውስጥ ብዙዎቹ፣ ማለትም ጀሪካኑ፣ አሸዋው፣ አመዱ፣ መዝገቡ፣ በወረቀት የተጻፈው ስም፣ ከትምህርት ቤት የቀን ተቀን ወጪ የሚበልጥ አይጠይቁም። የሚጠይቁት ሥርዓትና ተከታታይ ትኩረት ነው።

መደምደሚያ

የወሎ ሕዝብና ጎረቤቶቹ በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ሦስት ዓይነት የኬሚካል ትምህርት ተምረዋል፤ አንዱን ከጠላት፣ አንዱን ከሐኪም፣ አንዱን ከመጋዘን። ሦስቱንም ያገናኛቸው አንድ ነገር ነው። ጉዳቱ የከፋው ፈሳሹ በነበረበት ቦታ ስሙና ጠባዩ ባልነበሩበት ጊዜ ነው። በ1928 ዓ.ም. ያንን ዕውቀት ለሠራዊቱ ሊሰጥ የሚችል ተቋም በአገሩ አልነበረም። ዛሬ ግን በመካነ ሰላም የዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ በየወረዳው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በየትምህርት ቤቱም መምህር አለ። የመካነ ሰላም ስም ትርጉሙ የሰላም ቦታ ነው። በግቢዋ ያለው ጠርሙስ ሁሉ ስሙ ተጽፎበት፣ በአጠገቡ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ያንን ስም አንብቦ ወይም ምልክቱን አይቶ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቅ ከሆነ፣ የሳይንስ ትምህርት ለአገሩ ከሚያበረክታቸው ጥቅሞች የመጀመሪያውን አስገኘ ማለት ይቻላል።